ያላየውን አናስመስክረው፦ ስለ «ሰማይ እንግዶች» ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ በእረፍት ሰዓት ስልኩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ አሜሪካ በይፋ አመነች አይደል?» አለኝ። «ምኑን ነው ያመነችው?» ብለው፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ሰው እየተቀባበለ ያነበበውን ረጅም ጽሑፍ አሳየኝ። እዚያው ግቢው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ጸሐፊው ብዕራቸው ያማረ፣ ለጉዳዩም ከልባቸው የሚጨነቁ ሰው ናቸው። የልጁ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ አንብቦ አልተሳሳተም፤ ጽሑፉ በግልጽ «አመነች» ይላል። የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።

ጽሑፉን ላላገኘ አንባቢ ፍሬ ነገሩን ልንገር። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው፦ የአሜሪካ መከላከያ ከሌላ ዓለም የመጡ መንኮራኩሮች በሰማያችን እንደሚመላለሱ አምኗል፤ ያዩት የጦር አብራሪዎች ስለሆኑ ሊሳሳቱ አይችሉም፤ ዓይን ቢሳሳት እንኳ ራዳር አይሳሳትም፤ በቪዲዮ የተቀረጹት ነገሮች የሰው ልጅ ሊደርስበት የማይችል ፍጥነት አላቸው፤ የስለላ ባለሙያ የነበረ ሰው በመሐላ መስክሯል፤ መንግሥታት ይህን ሁሉ ከ1947 ጀምሮ ደብቀዋል፤ በቅርቡ በጦሳ ተራራ አናት ላይ ተሰልፎ የታየው የብርሃን ረድፍም የዚሁ አካል ነው። በሁሉም ላይ እኩል አልቆይም። አንዳንዱ ነጥብ ቶሎ ያልቃል፤ አንዳንዱ ግን ቁጭ ተብሎ የሚታይ ነው። (ዓመቶቹን፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«አምኗል» ከሚለው ልጀምር። ፔንታጎን፣ ማለትም የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት፣ የባሕር ኃይሉ አብራሪዎች የቀረጿቸውን ሦስት ቪዲዮዎች በይፋ የለቀቀው ኤፕሪል 27 ቀን 2020 ነው። የዚያን ዕለት ሁለት ነገር ተናገረ፦ ቪዲዮዎቹ እውነተኛ የባሕር ኃይል ቅጂዎች ናቸው፤ የታዩት ነገሮች ደግሞ አሁንም «ምንነታቸው ያልታወቀ» ተብለው እንደተመዘገቡ ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን ተዉት።

የአሜሪካ ብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተር ቢሮ በጁን 2021 ያወጣውንም ሪፖርት ጠቅሰዋል። ቁጥሩን አላዛቡም፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ከ2004 ወዲህ ከቀረቡት 144 ሪፖርቶች በእርግጠኝነት የታወቀው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም አየሩ እየወጣ የነበረ ትልቅ ፊኛ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጸሐፊው «ታዲያ 143ቱ የማን ናቸው?» ብለው ጠይቀው ራሳቸው የመለሱት። ሪፖርቱ 9 ገጽ ብቻ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቢነበብ ከሌላ ዓለም ስለመጣ ፍጡር አንድም ቃል የለበትም። የሚለው መረጃው ጥቂት ስለሆነ ለመደምደም አልተቻለም ነው። ሊሆኑ ይችላሉ ብሎም አምስት መደብ ይዘረዝራል፦ ወፍ፣ ፊኛ፣ ድሮንና የመሳሰለው በአየር ላይ ያለ ነገር፤ የከባቢ አየር ክስተት፤ የራሷ የአሜሪካ ምስጢራዊ ሥራ፤ የባላንጣ አገር መሣሪያ፤ አምስተኛው «ሌላ» ነው። ጸሐፊው አራቱን ዘለው አምስተኛው ላይ አረፉ፤ ሪፖርቱ ባዶ የተወውን ቦታም በራሳቸው ቃል ሞሉት።

በእኛ አገር ሰኞ ገበያ ላይ ባለቤቱ ያልታወቀ በግ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ታስሮ ይቆያል፣ ይለፈፋል፣ «ምልክቱን የሚናገር ይቅረብ» ይባላል። እስከ ማታ ባለቤቱ ባይመጣ «የጅኒ በግ ነው» ብሎ የሚያውጅ ሰው አላየሁም። ባለቤቱ ያልታወቀ በግ ባለቤቱ ያልታወቀ በግ ነው።

ከዚያ ሪፖርት በኋላ የወጣውንም ጸሐፊው አልነኩትም። ለዚሁ ጉዳይ በ2022 የተቋቋመው የፔንታጎን ቢሮ ከ1945 ጀምሮ የተደረጉትን የመንግሥት ምርመራዎች መርምሮ በማርች 2024 ውጤቱን አሳውቋል፦ ከታዩት ነገሮች አንዱም ከምድር ውጪ የመጣ ሥራ ለመሆኑ ማስረጃ አላገኘም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ያወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ደግሞ 757 አዳዲስ ሪፖርቶች እንደደረሱት፣ ከእነዚህም 21ዱ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልጋቸው ይናገራል። እኔን የሚያጓጓኝ ይህ 21 ነው። ጸሐፊው ግን አልደረሱበትም፤ እርሳቸው ዘንድ ነገሩ በ2021 ተፈጽሟል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «የጦር አብራሪ አይሳሳትም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው አብራሪዎቹን ያከበሩ መስሏቸው ቃላቸውን ያበላሹባቸው እዚህ ነው።

ኖቬምበር 14 ቀን 2004። «ኒሚትዝ» የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከነአጃቢዎቿ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ወዲያ ልምምድ ላይ ነበረች። «ፕሪንስተን» የተባለችው አጃቢ ለቀናት በራዳሯ እንግዳ ነገር ስታይ ሰንብታ ነበርና አየር ላይ የነበሩትን ሁለት ኤፍ 18 ተዋጊ ጄቶች ሄዳችሁ እዩልን አለቻቸው። የአንዱ ጄት አብራሪ ኮማንደር ዴቪድ ፍሬቨር፣ የሌላው አሌክስ ዲትሪክ ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ጄት ሁለት ሰው ስላለ በጠቅላላው አራት ሰው ነው። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ውሃው የሚፈላ ይመስል ይናወጣል። ከዚያ በላይ ነጭ፣ ክንፍ የሌለው፣ ጭስ የማይተፋ፣ 12 ሜትር ገደማ የሚረዝም እንክብል የመሰለ ነገር ወዲያ ወዲህ ይላል። ፍሬቨር እየዞሩ ሲወርዱ እርሱም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ አቋርጠው ሊጠጉት ሲሉ ከዓይናቸው ተሰወረ።

ጸሐፊው «ፍሬቨር ይህን ሁሉ በቪዲዮ ቀረጹት» ብለዋል። አልቀረጹትም። ሁላችንም ያየነው ቪዲዮ በዚያው ቀን ከእነርሱ በኋላ የተነሣ ሌላ አውሮፕላን የቀረጸው ነው። አራቱ ሰዎች ያዩት ነገርና በቪዲዮው ላይ ያለው ነገር አንድ ነው ወይስ የተለያየ የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ስፌት ሳያሳዩ ሁለቱን አንድ ጨርቅ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ፍሬቨር በኋላ በሰጡት ቃለ መጠይቅ ያዩት ነገር ከዚህ ዓለም የመጣ እንደማይመስላቸው ተናግረዋል። ይህን አልደብቅም፤ ጸሐፊውም ጠቅሰውታል። ግን አባቶቻችን በአውጫጭኝ ሲቀመጡ የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ነበር? ያየውን ካላየው፣ የሰማውን ከጠረጠረው መለየት ነው። «ነጭ ነበር፣ ክንፍ የለውም፣ ወደ እኔ ዞረ፣ ጠፋ» የዓይን ምስክርነት ነው። «ከዚህ ዓለም አይመስለኝም» ግምት ነው። ግምቱ የተከበረ ሰው ግምት ስለሆነ ወደ ምስክርነት አይቀየርም። ዲትሪክ ደግሞ ያንኑ ነገር ከሌላ ጄት አይተው፣ ምን እንደነበር አላውቅም በሚለው ቃላቸው እንደጸኑ ናቸው። አንዲት የጦር አብራሪ በመላው ዓለም ፊት «አላውቅም» ብላ ስትቆም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ሰው፣ የዲትሪክን ስም ከጽሑፉ መተው ትልቅ ጉድለት ነው።

አብራሪ ይሳሳታል? ይሳሳታል፤ አንዳንዴም ስሕተቱ ሕይወቱን ያስከፍለዋል። ጃንዋሪ 7 ቀን 1948 ካፒቴን ቶማስ ማንቴል በኬንታኪ ሰማይ ላይ የታየ ብረት መሰል ግዙፍ ነገር ሊያሳድድ ወጣ። ዕድሜው 25፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሸለመ አብራሪ ነበር። ያለ ኦክሲጅን ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ራሱን ሳተ፤ አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። ያሳደደው ነገር ባሕር ኃይሉ በወቅቱ በምስጢር ይልካቸው ከነበሩት «ስካይሁክ» ከተባሉት ግዙፍ የምርምር ፊኛዎች አንዱ እንደነበር ነው ዛሬ በብዙዎች የሚታመነው። ማንቴል የተሳሳተው ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ፊኛ መኖሩን የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ነው። ሰማይ ላይ መለኪያ የለም፤ የነገሩን መጠን ካላወቅህ ርቀቱን አታውቅም፣ ርቀቱን ካላወቅህ ፍጥነቱን አታውቅም። ይህ ለአብራሪም ለእረኛም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው።

የሥነ ፈለክ ሊቁ አለን ሃይኔክ የአሜሪካ አየር ኃይልን የዩፎ (ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) ምርመራ ለዓመታት ሲያማክሩ የኖሩ፣ በኋላም ጉዳዩ በቁም ነገር እንዲጠና የተከራከሩ ሰው ናቸው። ጸሐፊው «የእኛ ወገን» ብለው ይጠሯቸዋል። እኒሁ ሊቅ መዝገቡን መርምረው የደረሱበት ነገር ግን አብራሪዎች ከተጠበቀው በታች ደካማ ምስክሮች ሆነው መገኘታቸው ነው። የሚያስከፋ ነገር የለውም። አብራሪ የሚሠለጥነው አውሮፕላኑን ከአደጋ ለማዳን ነው፤ ወደ እርሱ የሚመጣ ብርሃን ሲያይ አእምሮው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይመታኛል ወይ?» ብሎ ነው።

ስለ አብራሪዎች አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር አየሁ ያለ አብራሪ መሳቂያ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎች ዝም አሉ። ከ2014 ጀምሮ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ «ሩዝቬልት» ከተባለችው መርከብ ጋር ይበሩ የነበሩት፣ ከእነርሱም መካከል ራያን ግሬቭስ፣ በልምምድ ቀጠናቸው ውስጥ በተደጋጋሚ ነገር እየገባባቸው የሚሰማ አጥተው ኖረዋል። የ2021ዱ ሪፖርት አብራሪዎች ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ለመጋጨት የተቃረቡባቸውን 11 አጋጣሚዎች መዝግቧል። ፊኛም ይሁን ድሮን፣ በዚያ ፍጥነት ከሚበር ጄት ጋር ከተጋጨ ሰው ይሞታል። ያየ ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ማድረግ ግዴታ ነው።

«ራዳር አይሳሳትም» የሚለውን ለመመለስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ልውረድ። በበጋ ማለዳ ሐረጎን ስትወርዱ ወደ ታች አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኮምቦልቻ የፋብሪካና የምድጃ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ እንደ ምጣድ ክዳን ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። ሌሊቱን ቀዝቃዛው አየር ወደ ቦርከና ሸለቆ ወርዶ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። ጭሱ ያንን ድንበር አልፎ መውጣት ያቅተዋል። የራዳር ሞገድም እንዲህ ያለ ድንበር ሲያጋጥመው ይጎብጣል፤ ወደ ሰማይ የተላከው ወደ መሬት ተመልሶ የመኪና ወይም የሕንፃ ምላሽ ይዞ ይመጣል፤ ስክሪኑ ላይ ግን በሰማይ የሚበር ነገር ሆኖ ይታያል።

ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት፣ በጁላይ 1952 በዋሺንግተን ሰማይ በራዳር የታዩት ያልታወቁ ነገሮች የተብራሩት እንዲሁ ነው። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ጆን ሳምፎርድ ጁላይ 29 ቀን ጋዜጠኞችን ሰብስበው ይህንኑ የቀዝቃዛና የሞቃት አየር መገልበጥ በምክንያትነት አቀረቡ። የዚያን ሌሊት ተረኛ ከነበሩት የራዳር ሠራተኞች አንዳንዶቹ ማብራሪያውን አልተቀበሉትም፤ ይህም መነገር አለበት። ግን «ራዳር አይሳሳትም» ብሎ በር መዝጋት አይቻልም።

ራዳር የሚያየው ደግሞ ሰው እይ ያለውን ነው። በፌብሩዋሪ 2023 የቻይና ፊኛ አሜሪካን አቋርጦ ከተመታ በኋላ ራዳሮቹ ቀርፋፋና ትናንሽ ነገሮችን እንዳይጥሉ ተደርገው ተስተካከሉ። ወዲያው በወሩ 10ኛ፣ 11ኛና 12ኛ ቀን በአላስካ፣ በካናዳ ዩኮንና በሂውሮን ሐይቅ ላይ ሦስት ያልታወቁ ነገሮች በሚሳኤል ተመቱ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ባይደን በኋላ እንዳሉት ሦስቱም የግል ድርጅቶች፣ የመዝናኛ ወይም የምርምር ተቋማት ፊኛዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያ ሳምንት ሰማዩ አልተለወጠም። የተለወጠው ወንፊቱ ነው።

ወደ ቪዲዮዎቹ ልሂድ። ጸሐፊው «ከሁሉም የማያሻማው» ያሉት በ2015 መጀመሪያ የተቀረጸውንና «ጎፋስት» የሚባለውን ነው፤ ትንሽ ነጭ ነገር ከባሕሩ ወለል በላይ እየተወረወረ ሲያልፍ ይታያል። «የትኛውም ሞተር እንዲህ አያስሮጥም» ብለዋል።

እኔ ይህን ነገር ሐረጎ ላይ አይቼዋለሁ። በሚኒባስ በመስኮት በኩል ተቀምጬ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከእኛ ዝቅ ብሎ አንድ ጭላት ነፋስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ክንፉን አያንቀሳቅስም፤ ባለበት ነው ያለው። ከኋላው ያለው የሸለቆው እርሻ ግን ከሥሩ ይሮጥ ስለነበር፣ ወፏ ማሳ ከማሳ እየዘለለች የምትወነጨፍ ትመስል ነበር። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ለማውረድ ሲቆም ጭላቱም አብሮ «ቆመ»። ይሮጥ የነበረው መኪናው ነው። ያየሁት ፍጥነት የእኔው ነበር።

በቪዲዮው ስክሪን ዳርና ዳር ቁጥሮች አሉ፦ የጄቱ ከፍታ 25,000 ጫማ፣ ካሜራው ወደ ታች ያዘነበለበት አንግል፣ እስከ ነገሩ ያለው ርቀት። ከእነዚህ የነገሩን ከፍታ ለማግኘት ሳይንና ኮሳይን ይበቃል፤ ከተማሪዎቼ ጋር በሰሌዳ ላይ ሠርተነዋል። የናሳ ገለልተኛ የጥናት ቡድንም በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ሪፖርት አስልቶታል፦ ነገሩ ያለው 13,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከባሕሩ ወለል ጋር አልተጠጋም። ፍጥነቱ በሰዓት 40 ማይል፣ ማለትም 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ የሚነዳው ነገር ሊኖረው የሚችል ፍጥነት ነው። የእኛ ሚኒባስ ሐረጎን ከወረደ በኋላ ሜዳው ላይ ከዚህ ይበልጣል።

«ጊምባል» የሚባለውና እየተሽከረከረ የሚታየው ቪዲዮ ገና ያከራክራል። አንደኛው ወገን የሚዞረው የሩቅ አውሮፕላን ሞተር ሙቀት በካሜራው ላይ የፈጠረው ነጸብራቅ ነው፣ ካሜራው ራሱን ሲያዞር አብሮ ይዞራል ይላል፤ አንዳንድ አብራሪዎች አይስማሙም። ባለሦስት ማዕዘን ሆነው በሌሊት መነጽር የተቀረጹት ግን በሜይ 2022 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ተፈተዋል፦ ድሮኖች ናቸው፤ ሦስት ማዕዘኑን የሠራው የካሜራው ሌንስ ነው።

የመሐላውን ነጥብ ባጭሩ ልለፈው። የስለላ ባለሙያ የነበሩት ዴቪድ ግረሽ ጁላይ 26 ቀን 2023 በምክር ቤት ፊት መስክረዋል። ቃላቸውን ያነበበ ሰው እንደሚያገኘው፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ ሰዎችን አነጋግረው እነርሱ የነገሯቸውን ነው የተናገሩት። መንኮራኩሩን በዓይናቸው አይተው አይደለም። በአማርኛ ለዚህ ስም አለው፤ የስሚ ስሚ ይባላል። መሐላ የተናጋሪውን ቅንነት ያጸና ይሆናል፤ የሰማውን ወደ ያየው አይቀይርም። የፔንታጎኑ ቢሮም በማርች 2024 ባወጣው ሪፖርት ይህን ወሬ ተከታትሎ፣ በአብዛኛው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች የሚቀባበሉት ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል።

«ደብቀዋል» ለሚለው መልሴ አዎ፣ ደብቀዋል ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ ግን የተደበቀውን አልጠየቁም። በ1947 ሮዝዌል በተባለች የአሜሪካ ከተማ አጠገብ የወደቀው ስብርባሪ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል በ1994 እንዳመነው፣ «ሞጉል» ከተባለ ምስጢራዊ ሥራ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ከሩቅ ለማዳመጥ የሚላኩ የፊኛ ሰንሰለቶች ናቸው። በኦገስት 1955 ዩ2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን መብረር ሲጀምር ደግሞ ከ60,000 ጫማ በላይ ይወጣ ነበር። የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከ10,000 እስከ 20,000 ጫማ በሚበሩበት ዘመን ማለት ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ታች ጨለማ ሆኖ ሳለ የዩ2 ክንፍ ገና ፀሐይ ይመታው ነበርና ከታች ላለ አብራሪ የእሳት ነገር ይመስላል። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ራሱ በ1997 ይፋ ባደረገው ጥናት በዚያን ጊዜ ከቀረቡት የዩፎ ሪፖርቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚህ የስለላ በረራዎች የመጡ ናቸው ብሏል። «ግማሽ» በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ መርማሪዎቹ ግን አንዳንዱን እያወቁ ለሕዝብ ሌላ ምክንያት መስጠታቸው አያከራክርም። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ሰው በዓይኑ ያየውን እውነተኛ አውሮፕላን የተፈጥሮ ክስተት ነው አሉት። እምነት አንዴ ሲጎድል ማንኛውም ወሬ ይገባበታል።

አየር ኃይሉ በ1969 የዩፎ ምርመራ መዝገቡን ሲዘጋ ከ12,618 ሪፖርቶች 701ዱ ምንነታቸው አልታወቀም ነበር። ጸሐፊው 701ዱን ጠቅሰዋል፤ 12,618ቱን ግን በጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁትም።

በጽሑፉ መሐል ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቅር አሰኝታኛለች፤ «የሚጠራጠሩ ሰዎች ሰማዩን አቅልለው የሚያዩ ናቸው» ትላለች። ደሴ ላይ ተቀምጦ ይህን መጻፍ ከበደኝ። አያቴ በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ነበረች። የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲመጡ መጀመሪያ አሞራ መስለዋት ነበር። «አሞራ መስለውኝ ቆሜ አየኋቸው» ትለኝ ነበር፤ እናቷ እጇን ይዛ እስክትጎትታት ድረስ አልተነቃነቀችም። በዚያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ነበሩ፤ ራሳቸው በመትረየስ ወደ ሰማይ ተኩሰዋል፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከዚያ ወዲህም የዚህ ከተማ ሰው በላዩ የሚያልፈውን ነገር ድምፅ በጦርነት ጊዜ ለይቶ እንዲያውቅ ተገድዷል። ሰማይ ላይ ያለውን በትክክል መለየት ለእኛ የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። የምጠራጠረው ሰማዩን አክብሬ ነው።

የጦሳው ብርሃን ይቀራል። ጸሐፊው «ደሴ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም» ይላሉ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው እንዲህ ያለ ነገር በማየት እንደሆነ የሚነገረውን ታሪክ ማስታወስ ነበረባቸው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1882 በወሎ ዘመቻ ላይ ሳሉ ከሠራዊታቸው ጋር እዚህ ሰፍረው ጅራታም ኮከብ አዩ፤ ተደንቀውም ቦታውን ደሴ፣ ደስታዬ፣ አሉት ይባላል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በቀን ብርሃን ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ነበር፤ የዓለም ሥነ ፈለክ ሊቃውንት መንገዱን ለክተው፣ ወደ ፀሐይ እጅግ ተጠግተው ከሚያልፉት ጅራታም ኮከቦች ወገን መሆኑን አውቀዋል።

እንዲህ ያለ የብርሃን ረድፍ እኔም በሌላ ቀን አይቻለሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት «ያረቢ! ኑ እዩ!» ብለው ግቢውን ሁሉ ጠሩ። ከጦሳ በስተጀርባ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ወጡ፤ በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት፣ ያለ ድምፅ። ከሃያ በላይ ስቆጥር የፊተኛው ሰማዩ መሐል ላይ ሲደርስ ደበዘዘና ጠፋ። ሁለተኛውም እዚያው ቦታ ሲደርስ ጠፋ። ሦስተኛውም እዚያው። እናታችን ደነገጡ፤ «እየተዋጡ ነው» አሉ። የተዋጡት በምድር ጥላ ነው። እነዚህ ከሜይ 2019 ጀምሮ በአንድ ሮኬት በደርዘኖች የሚወነጨፉት፣ ኢንተርኔት የሚያሰራጩት የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። በተወነጨፉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና ሳይራራቁ ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ቆይተው 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚሆን ከፍታ ይወጣሉ። እኛ ዘንድ ፀሐይ ጠልቃ ሳለ እዚያ ላይ ገና ታበራለች፤ ጥላው ውስጥ ሲገቡ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ሁሉም አንድ ቦታ ላይ የሚጠፉት፤ ለዚህም ነው እኩለ ሌሊት ላይ የማይታዩት።

ጸሐፊው የጠቀሱት ቪዲዮ ያንኑ ይመስላል፤ ግን አይቶ መገመት ለእኔም አይፈቀድም። ስለዚህ ቪዲዮውን የቀረጸው ሰው ይህን ካነበበ ሦስት ነገር እለምነዋለሁ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው፣ የቆመበትንም ቦታ። ሆጤም ይሁን መናፈሻ፣ ቧንቧ ውሃም ይሁን ጢጣ፣ ከዚያ ቦታ ላይ ጦሳ በየት በኩል እንደሚታይ ሄደን እንለካለን። የሳተላይቶቹ መንገድ በየቀኑ ይመዘገባል፤ በዚያች ደቂቃ በደሴ ላይ ያለፈ ካለ ይገኛል። ጥያቄውን ያመጣው ተማሪዬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስሌቱን ለመሥራት ደብተር ገዝቷል። ውጤቱ ስታርሊንክ ካልሆነም ያንኑ እንጽፋለን፤ ለጸሐፊውም ቀድመን እናሳውቃቸዋለን።